የከፈትከውን ጨረታ ጨርሰው፤ «ዕቃው የሻጩ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው፤ አንብበውና ደውልልኝ» ይላል ከሥሩ። አነበብኩት። ሳልደውልለት ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ጽሑፉ በኢንተርኔት ዕቃ ለጨረታ አውጥተው፣ ሰው ዋጋ እየሰጠበት ሳለ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለሚዘጉ ሻጮች ጥብቅና የቆመ ነው። ጸሐፊው በጨዋነት ነው የጻፉት። ራሳቸውም ሻጭ እንደሆኑ ገልጸዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ የሻጩ ነው፤ ሕጉም ይፈቅድለታል። ተጫራቹ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም፤ ስለዚህ የተጎዳ ሰው የለም። የተሻለ ዋጋ ይዞ የመጣን ገዢ መመለስ የዋህነት ነው። አገር ቤትም ቢሆን የጨረታ ማስታወቂያ ሁሉ የሚያልቀው «የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» በሚል ነው። እንዲያውም ጥፋቱ የገዢዎቹ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አድፍጠው ሻጩን ያስደነግጡታል። ይህ ያልተመቸው ደግሞ ዋጋው ተቆርጦ የተለጠፈ ዕቃ ይግዛ።

እኔ የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብርና ፖስታ እሰበስባለሁ። ባለፉት 14 ዓመታት ካገኘሁት አብዛኛውን የገዛሁት በኦንላይን ጨረታ ነው። ነገሩን የማውቀው ውስጡ ሆኜ ነው።

አስቀድሜ የምስማማበትን ልናገር። ዕቃው ከተሰበረ፣ ከተሰረቀ፣ ሻጩ ዋጋ ሲጽፍ አንድ ዜሮ ከዘለለ፣ ይዝጋው። ማንም አይቀየመውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ለጀርመን የፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀርቦ ነበር። አንድ ሰው ዲጂታል ካሜራውን ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለጨረታ ያወጣል። በማግስቱ ካሜራው ይሰረቅና ጨረታውን ይዘጋዋል። በ70 ዩሮ ሲመራ የነበረው ተጫራች ካሳ ይገባኛል ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ለሻጩ ፈረደ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምፈርደው። የማወራው ስለዚህ ዓይነቱ ሻጭ አይደለም። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ምንም ሳይሆን ተቀምጦ እያለ «የለም» ብሎ ስለሚዘጋው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ።

ዕቃው የሻጩ ነው ይላሉ። ነው። ማን ካደ? ግን ሰውየው ዕቃውን ብቻ አይደለም ያወጣው። ቃልም አውጥቷል። «እስከ እሑድ ማታ ዋጋ ስጡኝ፤ የበለጠ የሰጠ ይወስደዋል» ብሏል። ጨረታ ማለት ያ ቃል ነው። ቃሉን ካነሱት የሚቀረው ፎቶ ብቻ ነው።

ጨረታ ምን እንደሆነ የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። የንግሥ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ስለት የገባው ዕቃ ይወጣል። ምንጣፍ፣ ጥላ፣ አገር ቤት ከሆነ አንዳንዴ በግ። እዚህ ሜሪላንድ ያለው ደብራችንም ይህንኑ ያደርጋል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀይ ጥላ ወጣ፤ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው። አጫራቹ ዘርግቶ ከፍ አድርጎ ይዞታል። «100 ዶላር አለ፣ የሚጨምር!» ይላል። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት 150 አሉ። ከወንዶቹ 200 ተባለ። እናትዬዋ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና 220 አሉ። «220 አንደኛ ጊዜ…»

እስቲ በዚህ መሀል አጫራቹ ጥላውን አጥፎ፣ «በጆሮዬ 250 ያለኝ ሰው አለ፤ ጨረታው ተዘግቷል» ቢል ብለው ያስቡ። ጥላው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። 250 ደግሞ ከ220 ይበልጣል። ታዲያ ሕዝቡ ዝም የሚል ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ምክንያቱም እናትዬዋ 250 ሲባል ቢሰሙ 300 ሊሉ ይችሉ ነበር። ያ ዕድል በጆሮ በተባለ ነገር ተወሰደባቸው። ጥላው በመጨረሻ በ410 ዶላር ነው የተሸጠው። እናትዬዋ ናቸው የወሰዱት።

ሕጉ ይፈቅዳል ለሚሉት፣ የትኛው ሕግ ብዬ እጠይቃለሁ። አሜሪካ ከሆነ በከፊል ልክ ናቸው። አብዛኞቹ ግዛቶች በሚጠቀሙበት የንግድ ሕግ፣ አንቀጽ 2-328 ላይ፣ አጫራቹ መዶሻውን መትቶ «ተሸጧል» እስኪል ድረስ ሻጩ ዕቃውን ማንሳት ይችላል። ያው አንቀጽ ግን ይቀጥላል። ጨረታው ያለ ምንም ገደብ፣ ማለት «ከዚህ በታች አልሸጥም» ሳይባል መሆኑ በግልጽ ከተነገረና ሰው ዋጋ መስጠት ከጀመረ፣ ዕቃው አይነሳም ይላል። ጸሐፊው ይህን ግማሽ አልጠቀሱትም።

ጀርመን ደግሞ ከዚህም ትጠብቃለች። አንድ ሰው ያገለገለ ፓሳት መኪናውን ኢቤይ ላይ በ1 ዩሮ መነሻ ያወጣል። አንድ ተጫራች እስከ 555 ዩሮ ከ55 ሳንቲም ድረስ እከፍላለሁ ብሎ ያስገባል። ሌላ የጨመረ ስላልነበረ በ1 ዩሮ ይመራል። ጥቂት ሰዓታት ሳይቆይ ሻጩ ጨረታውን ይዘጋና መኪናውን ከጨረታው ውጪ ለመጣ ሰው በ4,200 ዩሮ ይሸጠዋል። የኛ ጸሐፊ «የተሻለ ዋጋ» የሚሉት ማለት ይሄ ነው። ተጫራቹ ከሰሰ። መኪናው 5,250 ዩሮ ያወጣል፣ እኔ በ1 ዩሮ ገዝቼዋለሁ፣ ልዩነቱን ይክፈለኝ አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 ፍርድ ቤቱ ውሉ የጸና ነው ብሎ ለተጫራቹ ፈረደ። በ1 ዩሮ መነሻ ማውጣት ሻጩ ራሱ የመረጠው አደጋ ነው፤ መነሻውን ከፍ ማድረግ ይችል ነበር፤ የፍርዱ ሐሳብ ይህ ነው።

ይህ ፍርድ የራሱን ችግር እንዳመጣ አልሸሽግም። ዕቃውን ሳይፈልጉ፣ የሚዘጋ ጨረታ እያደኑ ካሳ ለመጠየቅ ብቻ የሚጫረቱ ሰዎች ተፈጠሩ። እነሱንም አልደግፍም። ነገር ግን የጀርመን ዳኞች የተረዱት አንድ ነገር አለ። ጨረታ ሲከፈት ሻጩ ለሕዝቡ የሰጠው ነገር አለ፤ እንደፈለገ አይመልሰውም።

ገበያዎቹ ራሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ኢቤይ ላይ ጨረታው ሊዘጋ ከ12 ሰዓት በታች ከቀረውና ዋጋ ከተሰጠበት፣ ሻጩ ተጫራቾቹን ሰርዞ መውጣት አይችልም። ቀድሞ መዝጋት ቢፈልግ እንኳ ለሚመራው ሰው ሸጦ ነው። ከ12 ሰዓት በላይ ሲቀር ግን በሩ ክፍት ነው። ምክንያት ይምረጡ ይባላል፤ «ዕቃው አሁን ለሽያጭ የለም» የሚለውን ነክቶ ይወጣል። እውነት የለም ወይ ብሎ የሚያጣራ የለም። እኛስ? ተጫራች የሰጠውን ዋጋ ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ማንሳት አይችልም። ቁጥር ሲሳሳት፣ ወይም ሻጩ የዕቃውን መግለጫ ሲቀይር፣ ወይም ሻጩ ሲጠፋ ነው የሚፈቀድለት። እኔ በቃሌ ታስሬ ሻጩ በቃሉ የማይታሰርበት ገበያ ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የተጎዳ ሰው የለም የሚለው ነው። ወዳጄ «አንተን ነው የሚመለከተው» ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኩን ያውቀዋል።

ያለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ገበያውንም ሻጩንም አልጠራም። አንድ ፖስታ ለጨረታ ወጣ፤ የደብዳቤ ማሸጊያው ማለቴ ነው። ርዕሱ «የድሮ ፖስታ፣ የአፍሪካ ቴምብሮች» ይላል። መነሻው 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ፎቶውን አጎላሁት። በስተግራ የምኒልክ ምስል ያለበት ቴምብር አለ። በላዩ ላይ ሦስት ፊደል በማኅተም ተመቷል። ቦስታ ይላል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ሰባት ዓይነት ናቸው፤ አራቱ የምኒልክ ምስል፣ ሦስቱ አንበሳ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚል ማኅተም ተመታ። የድሮ ሰዎች ፖስታን እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ፊደሉም እንደ አነጋገሩ ተቀረጸ። ከምኒልኩ ቴምብር ጎን ደግሞ የፈረንሳይ ሶማሌ፣ ማለት የጅቡቲ ቴምብር ተለጥፏል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1908 ላይ ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ከድንበር ወዲያ አይሠራም ነበር። ደብዳቤው ባሕር እንዲሻገር የፈረንሳይ ቴምብር መጨመር ነበረበት። ስለዚህ ያ ወረቀት ላይ ሁለት አገር ጎን ለጎን ተቀምጧል። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሐረር ይላል። በስተቀኝ ከታች ማዕዘኑ ተቀዷል። መሀሉ ላይ የቡና ፍሬ የምታህል እድፍ አለች።

አባቴ ድሬዳዋ ፖስታ ቤት 31 ዓመት ሠርቷል። ስለ ቦስታ ማኅተም መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው። በእጁ ግን አንድም ቀን አልነካውም። ለምን እንደፈለግኩት ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዚህ ማኅተም ሐሰተኛ ብዙ ነው። ስለዚህ ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ የፊደሎቹን ቅርጽ ከትክክለኞቹ ጋር አስተያየሁ። የ«ስ»ን እግርና የ«ታ»ን አንገት በማጉያ መስታወት አየሁ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ሰብሳቢ ጋ ደውዬ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አልኳቸው። አዩልኝ። «ልጄ፣ እውነተኛ ይመስላል፤ አትልቀቀው» አሉኝ። አቅሜን አሰብኩና እስከ 185 ዶላር አስገባሁ። በዚያው ሳምንት ሌላ የምፈልገው ቴምብር ነበር። ሁለቱን አልችልም ብዬ ያኛውን ተውኩት። ለሌላ ሰው በ60 ዶላር ሄደ።

ስድስት ተጫራቾች ነበርን። ዋጋው 47 ዶላር ላይ ደርሶ እኔ እየመራሁ ነው። 31 ሰዓት ሲቀረው፣ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ነዘረ። ጨረታው በሻጩ ተዘግቷል፤ ዕቃው ለሽያጭ የለም። ሻጩን ጠየቅኩት። «ሌላ ሰው ቀድሞ ወሰደው» አለኝ። ቀድሞ? ከማን ቀድሞ? ስድስት ሰው ተሰልፎ ቆሞ የለም እንዴ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ፖስታ አንድ ነጋዴ ጋ ተለጥፎ አየሁት። ማዕዘኑ የተቀደደ፣ የቡና ፍሬ የምታህል እድፍ ያለችበት። ዋጋው 420 ዶላር።

ጸሐፊው ሆይ፣ የተጎዳ የለም አሉ። ሳንቲም አልከፈልኩም፤ ልክ ነዎት። ሦስት ምሽቴ ሄዷል። የተውኩት ቴምብር ሄዷል። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሻጭ 9 ከ99 ብሎ ሲያወጣ የያዘውን አያውቅም ነበር። «የአፍሪካ ቴምብሮች» ነው ያለው። የነቃው እኛ ስድስታችን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስንረባረብ አይቶ ነው። ዋጋውን ያስተማርነው እኛ ነን። ዕውቀታችንን በነጻ ወሰደ፤ ከዚያ በሩን ዘጋብን። ሰው ልብስ ለማሰፋት ልኬት እንደሚያስወስደው እኛን ዋጋ ማስለኪያ አደረገን።

ቅሬታ እንኳ የምናሰማበት ቦታ የለም። ስለ ሻጭ ጥሩም መጥፎም አስተያየት መስጠት የሚችለው የገዛ ሰው ነው። ጨረታው ተሰርዟላ፤ ግዢ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ እየዘጋ የሚኖር ሻጭ መዝገቡ ንጹሕ ነው። መቶ በመቶ ይላል።

የተሻለ ዋጋ የሚለውን በደንብ ልያዘው፤ ብዙ ሰው የሚስማማበት ይህን ነጥብ ስለሆነ። እዚህ ላይ ሻጮችን ራሳቸውን ነው የማናግረው። የምትጎዱት እናንተም ናችሁ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዋጋ ተጫራቹ ለመክፈል የተዘጋጀበት አይደለም። እኔ 185 አስገባሁ፤ የሚታየው ግን 47 ነው። ለምን? ሲስተሙ ከኔ ቀጥሎ ያለውን ሰው በአንድ እርምጃ ብቻ አስበልጦ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛው ሰው 46 ላይ ቆሟል፤ እኔ በ47 እመራለሁ። ሌላ ሰው 150 ቢጨምር ወዲያው ከ150 አለፍ ብዬ እመራ ነበር። ይህ ሁሉ ለሻጩ አይታየውም። 47 ብቻ ነው የሚያየው። በዚህ መሀል አንዱ በውስጥ መስመር ይመጣል። «ወንድሜ፣ 100 ልስጥህ፤ አሁኑኑ ዝጋልኝ» ይለዋል። 100 ከ47 ይበልጣላ። ሻጩ ይደሰታል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ያ ሰው 100 ካለው ለምን ጨረታው ላይ አልጻፈውም? መቶውን ቢጽፍ ምን ይቀርበታል? ያልጻፈው፣ ጨረታው ካለቀ ከ100 በላይ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው። ዕቃውን ከሻጩ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጥድፊያው ለሻጩ አዝኖ አይደለም። ኢቤይ እንዲህ ያለውን ከገበያው ውጪ የሚደረግ ስምምነት በደንቡ ይከለክላል። ሰዎች ደንቡ ለገበያው ኮሚሽን ሲባል ብቻ የወጣ ይመስላቸዋል። ኮሚሽኑ አለበት። ሻጩንም ግን ይጠብቃል።

ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቤይን ሲጀምር መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ነበር። 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ወጣበት። የተበላሸ ነገር ያን ያህል ያወጣል ብሎ ማን ይገምታል? ጨረታ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ማን ምን እንደሚፈልግ ሻጩ አያውቅም፤ እስከ መጨረሻው ሲቆይ ይታወቃል። መሀል ላይ የዘጋ ሻጭ ዋጋውን ሳያውቅ ነው የሸጠው።

ስለ አገር ቤቱ ማስታወቂያ የተጻፈውን ሳነብ ግን ትንሽ ተናደድኩ። አዎ፣ አዲስ ዘመን ላይ የሚወጣ የጨረታ ማስታወቂያ ሁሉ «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ብሎ ያልቃል። በቃላችን እናውቀዋለን። ግን ያ ዓረፍተ ነገር የት ነው የተጻፈው? ማስታወቂያው ላይ፣ ገና ሲጀመር። ተጫራቹ ሰነዱን የሚገዛው ያንን አንብቦ ነው። የኛ ሻጭ «በውስጥ መስመር የተሻለ ካገኘሁ እዘጋለሁ» ብሎ ይጻፍ እስቲ። ስንት ሰው ዋጋ እንደሚሰጠው እናያለን።

ሌላም ልዩነት አለ። እዚያ ዋጋው የሚገባው በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው። ኤንቨሎፑ ሳይከፈት ከተሰረዘ ማን ስንት እንዳለ ማንም አያውቅም። ሲፒኦህን መልሰው ይሰጡሃል፤ ምስጢርህም አብሮህ ይወጣል። እዚህ ግን ዋጋችን አደባባይ ላይ ተሰጥቶ፣ ሻጩ ተጠቅሞበት ነው የሚዘጋው። ሁለቱ አይገናኙም።

አገር ቤት ከተነሳ ደግሞ ጸሐፊው ቀብድን ለምን ረሱ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ላይ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ኦንላይን ጨረታ ላይ ቀብድ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን በኛ ዘንድ ቃሉን ያጠፈ ሻጭ በነጻ እንደማይሄድ ሕጉም ባህሉም ያሳያሉ። መርካቶ ቀብድ በልቶ ለሌላ የሸጠ ሰው ምን እንደሚባል ጸሐፊው ያውቁታል።

መጨረሻ ሰከንድ ላይ አድፍጠው ስለሚመጡት ገዢዎች ያሉት እውነትነት አለው። እኔም አደርገዋለሁ፤ አብዛኛው ሰብሳቢ ያደርገዋል። ቀድመህ ከፍ ያለ ዋጋ ካሳየህ ሌላው እልህ ይጋባና ዋጋው ይወጣል። አክሰል ኦክንፌልስ እና አልቪን ሮዝ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህን መርምረዋል፤ ሮዝ በኋላ በ2012 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ያኔ አማዞንም ጨረታ ነበረው። ኢቤይ በተቆረጠችው ሰከንድ ይዘጋል። አማዞን ላይ ግን መጨረሻ ላይ ሰው ዋጋ ከሰጠ ጨረታው በ10 ደቂቃ ይራዘም ነበር። መጨረሻ ሰዓት ላይ መረባረብ ኢቤይ ላይ በጣም በዝቶ ተገኘ። ስለዚህ ነገሩን ያመጣው የአዘጋጉ ደንብ ነው። ማራዘም መድኃኒቱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው አጫራች «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ» የሚለውም ለዚሁ ነው።

ሻጩ 47 አይቶ ይደነግጣል ይላሉ። 31 ሰዓት እየቀረው 47 መሆኑ ምኑ ያስደነግጣል? የሚደፍሩት ሰዎች መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት ብለው የጻፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እንግዲያው ሻጩ ይጠብቃቸው። ፈሪ ከሆነ ደግሞ መነሻውን 100 ይበል። ወይም ከዚህ በታች አልሸጥም የሚል ገደብ ያስቀምጥ፤ ኢቤይ ላይ አለ። በ9 ከ99 አውጥቶ ሰው ከሰበሰበ በኋላ በ9 ከ99 እንዳይሄድብኝ ብሎ መዝጋት ግን ልክ አይደለም። ያቺ ዝቅተኛ ዋጋ እኮ ናት ሰዉን የጠራችለት።

የቀረው፣ ያልተመቸው ቋሚ ዋጋ ያለው ይግዛ የሚለው ነው። እገዛለሁ። ስችል። ያንን ፖስታ በ420 መግዛት አልቻልኩም። ጨረታ ላይ የምንቆየው ግን ለርካሽነቱ ብቻ አይደለም። የኛ አገር ወረቀት በዓለም ተበትኗል። ማርሴይ ያለች አሮጊት መሳቢያ ውስጥ፣ ጣልያን ያለ የአያት ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ልጆቹ ሲያገኙት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ፎቶ አንስተው ጨረታ ላይ ያወጡታል። መጀመሪያ ብርሃን የሚያየው እዚያ ነው። እኔ ከዚያ ከወጣሁ የማየው ነጋዴ መርጦ ያስቀረውን ብቻ ነው።

ስለዚህ አልወጣም። የምጠይቀው ትንሽ ነው። መዝጋት ያለበት ሻጭ እውነተኛውን ምክንያት ይጻፍልን። ዋጋ የሰጠ ሰው ሁሉ፣ ጨረታው ቢሰረዝም፣ ስለ ሻጩ አስተያየት መስጠት ይቻለው። የ12 ሰዓቱ ደንብ ደግሞ የመጀመሪያው ዋጋ ከተሰጠበት ደቂቃ ይጀምር።

ይህን ስጽፍ አንድ ጨረታ ላይ ነኝ። የምኒልክ የ1887 ዓ.ም. ብር ነው፤ አንበሳው የፊት እግሩን ያነሳበት። ስምንት ሰው አለበት። ሻጩ ጀርመን አገር ነው። እሑድ ከሰዓት 9 ሰዓት ከ20 ይዘጋል።